የቆየ የቤልጅግ ማውዘር በርሜል ለመወልወል ምን ዓይነት መሣሪያ ልግዛ?

ጠያቂ፦ የዴንቨሩ

ጤና ይስጥልኝ። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ወጥተው ወደ አሜሪካ ከገቡትና ለአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢዎች ከተሸጡት ጠመንጃዎች አንዱን ገዝቻለሁ፤ የይሁዳ አንበሳ ምልክት የታተመበት፣ በቤልጅጉ የኤፍ ኤን ፋብሪካ የተሠራ ማውዘር ነው። የሚጎርሰው 7.92 በ57 ሚሊሜትር የሆነውን፣ እዚህ አገር በተለምዶ 8 ሚሊሜትር ማውዘር የሚሉትን ጥይት ሲሆን፣ በርሜሉ ወደ 59 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ለጠመንጃ ሠሪ አሳይቼው የጥይት መጉረሻው ልክና የቦልቱ አቀማመጥ ለመተኮስ የሚያሰጋ እንዳልሆነ አረጋግጦልኛል። ከኋላ በኩል በባትሪ ሳየው የበርሜሉ ጥምዝ ቦዮች በግልጽ ይታያሉ፤ ነገር ግን ሥራቸው ጠቁሯል፣ እዚህም እዚያም ዝገት የበሳሳው ቦታ አለ፣ የደረቀ ቅባትና አቧራም ተጋግሮበታል።

ያልገባኝ የመወልወያው ጉዳይ ነው። መደብር ውስጥ ሦስት ቦታ የሚገጣጠም የናስ ዘንግ ከብሩሾችና ከጨርቆች ጋር በአንድ ሣጥን ተደራጅቶ በርካሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ከጎኑ ደግሞ ብሩሽም ጨርቅም የሌለው፣ ብቻውን ከሣጥኑ ሁሉ የሚወደድ አንድ ወጥ ዘንግ ተሰቅሏል። ብሩሽ የተጠለፈበት ገመድም አለ። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ወደ ተኩስ ሜዳ ለሚወጣ፣ አንዳንዴም አዲስ፣ አንዳንዴም ርካሹን የዩጎዝላቪያ ትርፍ ጥይት ለሚተኩስ ሰው የትኛው ይበቃዋል? ብሩሹስ ከነሐስ፣ ከናይለን ወይስ ከብረት ቢሆን ይሻላል? ልምዱ ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


መላሽ፦ ባለወርክሾፑ

ለጥያቄዎ አመሰግናለሁ። ቦልቱን አውጥተው፣ መጉረሻውንና የጥይት ማስቀመጫውን በዓይንዎም በጣትዎም ፈትሸው ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ፣ ጥይቱንም ከሚሠሩበት ክፍል ካስወጡ በኋላ ወደ ሥራው ይግቡ። ይህን ሳልጠየቅ የምናገረው ለአዲስ ሰው ብቻ አይደለም።

ገንዘብዎን በዘንጉና በዘንግ መምሪያው ላይ ያውሉት፤ ብሩሽና ጨርቅ አላቂ ዕቃ ስለሆነ ርካሹን ቢገዙ ብዙ አይጎዳዎትም። ምክንያቱን ለመረዳት በርሜል በመወልወል ብዛት የሚጎዳበትን ቦታ ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው እርሳሱ (ከጥይቱ የሚወነጨፈው ክፍል) ከመጉረሻው ወጥቶ ጥምዝ ቦዮቹን የሚይዝበት ጉሮሮ ሲሆን፣ ሌላው የአፈሙዙ ጠርዝ ነው። በተለይ የአፈሙዙ ጠርዝ በአንድ ወገን እንኳ ቢታሽና ቢሸራረፍ፣ እርሳሱ ሲወጣ ከኋላው የሚገፋው ጋዝ በዚያ ወገን ቀድሞ ስለሚያመልጥ እርሳሱን ከመንገዱ ያዘነብለዋል፤ የቀረው በርሜል እንከን ባይኖረውም ዒላማው ላይ ጥይቱ ይበታተናል። ሁለቱንም ቦታዎች የሚፍቀው አብዛኛውን ጊዜ የጎበጠ ዘንግ ነው።

ባለ ሦስት ቁራጭ የናስ ዘንግን የማልወደው ስለዚህ ነው። ጥብቅ ጨርቅ ሲገፉበት በየመጋጠሚያው ይለመጣል፤ የተለመጠው ቦታ ከበርሜሉ ግድግዳ ጋር ይታሻል፤ መጋጠሚያዎቹም ቢሆኑ በጣትዎ ሲዳስሱ የሚሰማ ጠርዝ አላቸው። ናስ ከበርሜሉ ብረት የለሰለሰ ስለሆነ አይጎዳም የሚል ክርክር ዘወትር ይነሣል። ናሱ ራሱ እንደማይቧጥጥ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ለስላሳ ብረት አሸዋና የዝገት ብናኝ በላዩ ላይ ይሰክበታል፤ ያ ብናኝ ነው የሚፍቀው። በተለይ እንደ እርስዎ ጠመንጃ ለብዙ ዘመን አቧራ ውስጥ የቆየ መሣሪያ ሲሆን ይህ ነገር ቀላል አይደለም።

ስለዚህ አንድ ወጥ ዘንግ ይግዙ። ሦስት ዓይነት ያገኛሉ፦ በናይለን የተለበጠ ብረት፣ ካርበን ፋይበርና ያልተለበጠ የማይዝግ ብረት። በእኔ ግምት ለእርስዎ የተለበጠው ይስማማል፤ አይጎብጥም ማለት ይቻላል፣ በርሜሉንም ቢነካ አይቧጥጥም። የሚጠይቅዎት አንድ ነገር ቢኖር፣ ልባጩ ብናኝ ስለሚይዝ ዘንጉን ባስወጡት ቁጥር በንጹሕ ጨርቅ እንዲጠርጉት ነው። ካርበን ፋይበርም መልካም ነው፤ ቢለመጥ ወደ ቀጥታው ይመለሳል። ውፍረቱን በተመለከተ፣ ከ.27 ካሊበር (የበርሜል ውስጥ ስፋት በኢንች) ጀምሮ ላሉ በርሜሎች ተብሎ የሚሸጠውን ይውሰዱ። ለ.22 የተሠራው ቀጭን ዘንግ በእርስዎ በርሜል ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ይለመጣል እንጂ አያገለግልም። ርዝመቱን ሲመርጡም የበርሜሉን 59 ሴንቲሜትር ብቻ አይቁጠሩ፤ ቦልቱ የሚወጣበት የጠመንጃው አካልና የመምሪያው ርዝመት ይጨመርበታል። 36 ኢንች፣ ማለትም 91 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነው ዘንግ ይደርስልዎታል፤ ከዚያ ረዘም ያለ ካገኙም እጀታው ከሰደፉ ጋር እንዳይጋጭ ይረዳዎታል።

ብዙ ሰው የማያየው ነገር እጀታው ነው። በውስጡ ኩሽኔታ ያለው፣ ዘንጉ በነፃነት የሚሽከረከርበት መሆን ይገባዋል። የ8 ሚሊሜትር ማውዘር ጥምዝ በ24 ሴንቲሜትር አንድ ዙር ስለሆነ፣ ጨርቁ ወይም ብሩሹ 59 ሴንቲሜትር ሲሄድ ከሁለት ዙር በላይ መሽከርከር አለበት። እጀታው የማይዞር ከሆነ ብሩሹ ቦዮቹን ተከትሎ በመሄድ ፈንታ በጠርዞቻቸው ላይ እየዘለለ ይሄዳል፤ ከቦዩ ሥር ያለው ጥቀርሻም ባለበት ይቀራል። መደብር ውስጥ እያሉ እጀታውን በአንድ እጅ ይዘው ዘንጉን በሌላው እጅ ጣቶች ያሽከርክሩት፤ ከተንገራገጨ ይተዉት።

የብሎን ጥርሱንም ሳያዩ አይክፈሉ። እዚህ አገር ለጠመንጃ የሚሸጡት አብዛኞቹ ብሩሾችና የጨርቅ ጫፎች ባለ 8-32 ጥርስ ናቸው፤ ባለ 5/16-27 ያለው የሾትገን ነው። ዲዊ የተባለው ኩባንያ አንዳንድ ዘንጎች ግን 8-36 ጥርስ ስላላቸው አስማሚ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱ ጥርሶች ስለሚመሳሰሉ በግድ ሊያስገቡት ሞክረው ጥርሱን የሚያበላሹ ሰዎች ወደ እኛ ዘንድ ይመጣሉ።

መምሪያው በቦልቱ ቦታ የሚገባ ቱቦ ነው። በማውዘርዎ በግራ በኩል ያለውን የቦልት ማቆሚያ ወደ ውጭ ስበው ቦልቱን ሙሉ በሙሉ ያውጡና መምሪያውን ያስገቡ፤ ዘንጉን በጉሮሮው መካከል ያስኬደዋል፣ ቆሻሻ ማሟሚያው ፈሳሽም ወደ ምላጩና ወደ እንጨቱ እንዳይፈስ ያግደዋል። ለማውዘር 98 ዓይነት ተብሎ የሚሸጥ ይፈልጉ።

ብሩሹን በተመለከተ፣ ነሐስ ለጥቀርሻ፣ ናይለን ደግሞ አሞኒያ ያለበትን የመዳብ ማሟሚያ (ከእርሳሱ ልባጭ በርሜሉ ላይ የሚቀረውን መዳብ የሚያሟማውን ፈሳሽ) ለመቀባት ይሁንልዎ፤ የብረት ብሩሽ አይግዙ። መጠኑ 8 ሚሊሜትር ወይም .32 የሚል ይሁን። የ.30 ብሩሽ ከሁሉ ይበልጥ ስለሚገኝ ሻጩ "ይሆናል" ሊልዎ ይችላል፤ የእርስዎ እርሳስ ስፋት 8.2 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የ.30ዎቹ 7.8 ገደማ ነውና ብሩሹ ይላላል። ብሩሹ አንዴ ከገባ በአፈሙዙ በኩል እስኪወጣ ይግፉት እንጂ መካከል ላይ አይመልሱት። ብሩሹን ከመሰርሰሪያ ማሽን ጋር ገጥመው የሚያሽከረክሩ ሰዎች ያሉበት ቪዲዮም ካጋጠመዎ ይለፉት።


መላሽ፦ አዳኙ ከሚኒሶታ

ባለወርክሾፑ የጻፉት ትክክል ነው፤ ገመዱን ግን ጨርሰው ዘለሉት። እኔ ለአደን ስወጣ አንድ ሜትር ሊጠጋ የሚደርስ ዘንግ ተሸክሜ አልሄድም። በረዶ ወይም ዝናብ በርሜሉ ውስጥ የገባ ዕለት፣ ማታ ድንኳን ውስጥ በገመዱ ጫፍ ያለውን የናስ ክብደት ከመጉረሻው በኩል ጥዬ በአፈሙዙ አንድ ጊዜ ስስበው እርጥበቱንም አብዛኛውን ጥቀርሻም ይዞ ይወጣል፤ ቤት እስክደርስ ዝገት አይጀምርም። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ የእንግሊዝ ወታደር በሊ ኤንፊልድ ጠመንጃው ሰደፍ ውስጥ ባለችው ጓዳ መወልወያ ገመድና የዘይት ጠርሙስ ይዞ ይዞር ነበር፤ ጀርመኖችም በ1934 ባወጡት የማውዘር መወልወያ ሣጥን ውስጥ የነበረው በዘንግ ፈንታ ሰንሰለት ነው። ከማውዘሩ በርሜል ሥር የተሰካችው አጭር ዘንግ ብቻዋን የበርሜሉን ርዝመት አትሸፍንም።

በገመድ ላይ የሚነሡት ሁለት ቅሬታዎች እውነትነት አላቸው። አንደኛው ገመዱ ከበርሜሉ ያወጣውን ቆሻሻ ይዞ ስለሚቀር፣ ካልታጠበ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ብናኝ መልሶ ያስገባዋል። ሁለተኛው፣ በማዕዘን ሲሳብ የአፈሙዙን ጠርዝ በአንድ ወገን ያሻል። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ማጠብና በደንብ ማድረቅ ሲሆን፣ ለሁለተኛው ደግሞ ገመዱን ከበርሜሉ ጋር ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የለበሰና ክሩ የሳሳ ገመድ አይጠቀሙ፤ በርሜሉ መካከል ከተበጠሰ ለማውጣት የሚያስከትለው ጣጣ ገመዱ ካተረፈው ጊዜ ይበልጣል። ጠያቂው ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ለሚሠሩት ሥራ ዘንጉን ቢመርጡ እኔም እስማማለሁ፤ ገመዱን ደግሞ ለተኩስ ሜዳ ይያዙት።


መላሽ፦ የቀድሞ ወታደር

ከአፈሙዝ በኩል ብቻ የሚወለወሉ መሣሪያዎች ስላሉ፣ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት አንድ ነገር ላስገባ። ክላሽንኮቭን ከኋላ በኩል በቀጥታ ዘንግ መወልወል አይቻልም፤ የአሜሪካው ኤም 1 ጋራንድም እንዲሁ ነው። በክላሹ ሰደፍ ውስጥ የምትገኘው የመወልወያ ቆርቆሮ ክዳን መካከሏ የተበሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አፈሙዙ ላይ ተደርጋ ዘንጉ በቀዳዳዋ ስለሚያልፍ ጠርዙን እንዳይነካ ትጠብቀዋለች። በሥልጠና ላይ ብዙ ልጆች ክዳኗን ጥለው ዘንጉን በባዶው ሲያስገቡት አይቻለሁ። የክላሹ በርሜል ውስጡ በክሮም የተለበጠ ስለሆነ ብዙ ይታገሣል፤ የእርስዎ ማውዘር ግን ክሮም የለውምና ያን ያህል ቸልታ አይችልም። ከኋላ የሚከፈት መሣሪያ ይዘው ሳለ ከአፈሙዝ በኩል አይግቡበት።


መላሽ፦ ኬሚስቷ

ወንድሜ፣ የዩጎዝላቪያ ትርፍ ጥይት እተኩሳለሁ ማለትህን ሁሉም ዝም ብለው አለፉት፤ ለእኔ ግን ከዘንጉ ምርጫ በፊት የሚመጣው ይህ ነው። በ1950ዎቹ የተሠሩት የዩጎዝላቪያ 8 ሚሊሜትር ጥይቶችም ሆኑ አሮጌዎቹ የቱርክ ጥይቶች በመለኮሻቸው ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለባቸው። ይህ ሲቃጠል ወደ ፖታሲየም ክሎራይድ ይለወጣል፤ ከገበታ ጨው ጋር የአንድ ቤተሰብ ጨው ነው። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱም ብረቱን ያዝገዋል። በባትሪ ያየሃቸው የተበሳሱ ቦታዎች ምንጫቸው ይኸው ሊሆን ይችላል፤ የዚያ ዘመን ወታደራዊ ጥይት አብዛኛው እንዲህ ነበርና።

ጨው በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ ከተኩስ በኋላ በርሜሉን ዘይት በነካው ጨርቅ ወልውለህ ብታስቀምጠው፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ቢወጣም እንኳ ጨው ከዘይቱ ሥር ይቀራል። የሚያስወግደው ውሃ ነው። አንዳንዶች የመስኮት ማጽጃ ይረጩበታል፤ አሞኒያው ጨውን ያጠፋል ብለው ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን በማጽጃው ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ስለዚህ በመሣሪያ ዝርዝርህ ውስጥ አንድ ቀጭን ቱቦ ያለው ትንሽ ማፍሰሻ ጨምር፤ ቱቦው መጉረሻው ውስጥ ተሰክቶ ውሃው ወደ እንጨቱ ሳይፈስ በበርሜሉ አልፎ በአፈሙዙ እንዲወጣ የሚያደርግ። የፈላ ውሃ የምመርጠው ጨውን በፍጥነት ስለሚያሟማና በርሜሉን ስለሚያግለው ነው፤ የጋለው ብረት የቀረውን እርጥበት በቶሎ ያደርቀዋል፤ እጅህን ግን በወፍራም ጓንት ጠብቅ። የቦልቱን ፊትም መጥረግ እንዳትረሳ፤ ጨው እዚያም ይደርሳል። ከዚህ በኋላ ደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎም የተለመደው ማሟሚያና ቀለል ያለ ዘይት ይከተላል። ውሃ የሚቀላቀለው ባሊስቶል የተባለው የጀርመን ዘይትም ለዚህ ሥራ የተወደደ ነው፤ በውሃ በርዘህ ከተጠቀምክ በኋላ ሌላ ጨርቅ በንጹሑ አርሰህ ትጨርሳለህ።

አንድ የጤና ነገርም አለ። ከበርሜል በሚወጣው ቆሻሻ ውስጥ መርዛማው የእርሳስ ብረት ስላለ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አትሥራ፤ ጓንት አድርግ፣ መስኮት ክፈት፣ ልጆች ካሉህ ያገለገሉትን ጨርቆች ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ክተታቸው።


ጠያቂ፦ የዴንቨሩ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እኅቴንም፣ ጋሼ የቀድሞ ወታደርንም፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት ባለ 36 ኢንች የተለበጠ ዘንግ፣ መምሪያና የ8 ሚሊሜትር የነሐስ ብሩሽ ገዝቼ ሥራውን ጀመርኩ። መጀመሪያ የወጡት ጨርቆች ጥቁር ነበሩ፤ ቀጥሎ ቡናማ ዝገት የነካቸው ወጡ፤ አሁን ደግሞ አሞኒያ ያለበትን ማሟሚያ በብሩሹ ቀብቼ ስወለውል እያንዳንዱ ጨርቅ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ሰማያዊው የመዳብ ምልክት መሆኑን አንብቤያለሁ፤ ግን ማለቂያ አጣሁለት። ጨርቁን የምገፋበት ጫፍ ናስ ነው። ወደ ሻካራ የበርሜል ቅባት ልሸጋገር?


መላሽ፦ ባለወርክሾፑ

ገና አይሸጋገሩ። አሞኒያ የበርሜሉን መዳብ ብቻ ለይቶ አያሟማም፤ ነሐስም ናስም መዳብ ስላለባቸው ብሩሽዎንና የጨርቅ ጫፍዎን ጭምር እየበላ ነው፤ የሚያዩት ሰማያዊ ቀለም በከፊል ከራስዎ መሣሪያ የመጣ ነው። ለማረጋገጥ ከማሟሚያው ጥቂት በንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርገው የናሱን ጫፍ ከበርሜሉ ውጭ ጠቅልለው ትንሽ ያቆዩት፤ ሰማያዊ ከሆነ መልሱን አገኙ ማለት ነው። ለመዳብ ማሟሚያው የናይለን ብሩሽ፣ ለጨርቁም የፕላስቲክ ወይም በኒኬል የተለበጠ ጫፍ ይግዙ፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። የነሐሱን ብሩሽ አሁኑኑ በውሃ አጥበው ያድርቁት፤ አለዚያ ክሮቹ ተበልተው ይረግፋሉ።

ማሟሚያውንም ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ጊዜ በላይ በርሜሉ ውስጥ አያቆዩት። ስዊትስ 7.62 የመሳሰሉት ጠንካሮቹ ከ15 ደቂቃ በላይ እንዳይቆዩ ይመከራል።

አዲሱን ጫፍ ካገኙ በኋላ ጨርቁን ሲያወጡ ቀለሙ የት ላይ እንዳለ ይመልከቱ። ቀለሙ በጨርቁ ዙሪያ በተራራቁ ሰንበሮች ከወጣ መዳቡ ቦዮቹን ተከትሎ ተኝቷል፤ ማሟሚያውን ጥቂት ጊዜ ደግመው ሲቀቡት ይለቃል። ነጠብጣብ ሆኖ ከወጣ ግን ዝገቱ በበሳው ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ መዳብ ነው፤ ይህ በየተኩሱ ተመልሶ ይሞላልና ንጹሕ ነጭ ጨርቅ እስኪወጣ መታገል በርሜሉን ከማልበስ በቀር ፋይዳ የለውም። ሻካራው ቅባት ጉድጓዱን አያጠፋም፤ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን ብረት ነው የሚፍቀው። በእንዲህ ዓይነት በርሜል እኔ የማቆመው ጨርቁ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ሲያሳይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመሣሪያውን ጥራት የሚነግርዎ ዒላማው ነው።

ለመተኮስ በሚወጡበት ቀን የመጉረሻውን ዘይት በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ያውጡት። በዘይት የረጠበ መጉረሻ ቀለሃው ግድግዳውን እንዳይዝ ስለሚያደርገው የተኩሱ ግፊት ይበልጥ በቦልቱ ላይ ያርፋል። ለዚህ ሥራ በወፍራም አጭር ዘንግ ላይ የሚገጠም የጥጥ መወልወያ ለብቻው ይሸጣል፤ የበርሜሉ ጨርቅ ወደ መጉረሻው ስፋት አይደርስምና እሱንም ከናይለኑ ብሩሽ ጋር አብረው ይያዙት።